ከመጋዘኑ ይልቅ ደጁ ይሰፋል፦ ስለ ምግብ ባንክ ህንጻ አነዳደፍ

መግቢያ

ለአንድ የዲዛይን ተማሪ "የምግብ ባንክ ንደፍ" የሚል ፕሮጀክት ቢሰጠው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጋዘኑ ነው። ስንት ኩንታል ይይዛል? ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል? ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ወይስ ቆርቆሮ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ እናቆማለን፤ የቀረውን ግቢ ደግሞ "ክፍት ቦታ" ብለን ጽፈን እንተወዋለን።

የዚህ ጽሁፍ ዓላማ ያ "ክፍት ቦታ" ተብሎ የሚታለፈው ክፍል የህንጻው ዋና ስራ የሚሰራበት መሆኑን በቁጥር ማሳየት ነው። ለምሳሌ የምወስደው በአገራችን በየወረዳው ያለውን የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎች አገሮች የምግብ ባንክ ይልቅ እኛ ተመርቀን ስንወጣ ንደፉ ልንባል የምንችለው እሱን ስለሆነ ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

"ምግብ ባንክ" የሚለው ስያሜ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ የቅድስት ማርያም የምግብ ባንክን አቋቋመ። ሃሳቡ ቀላል ነበር፤ ሱፐርማርኬቶች የሚጥሉት ነገር ግን ያልተበላሸ ምግብ አለ፣ በሌላ በኩል የሚበላው ያጣ ሰው አለ፤ ስለዚህ ያለው ገቢ የሚያደርግበት፣ የሌለው ወጪ የሚያደርግበት ቦታ ይኑር የሚል ነው። በዚያ አገር አሰራር የምግብ ባንኩ ራሱ በአብዛኛው ጅምላ አከፋፋይ ነው። ከሱ ተረክበው ለሰው የሚያድሉት በየሰፈሩ ያሉ ትናንሽ ማደያዎች፣ ቤተ ክርስቲያናትና ማህበራት ናቸው።

እኛም አገር ተመሳሳይ የሁለት ደረጃ አሰራር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችት እንደ አዳማ፣ ኮምቦልቻ፣ ሻሸመኔ፣ ድሬዳዋ፣ መቀሌ፣ ወላይታ ሶዶና ወረታ ባሉ ከተሞች መጋዘን ነበረው። አሰራሩ እውነትም የባንክ ነበር፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅት መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ ሳይጠብቅ በቅርብ ካለው መጋዘን እህል ይበደራል፣ የራሱ ሲገባለት በዓይነት ይመልሳል። የተቋሙ ስምና አደረጃጀት ከጊዜ በኋላ ተለዋውጧል። የመጋዘኖቹ አቀማመጥ ግን አሁንም ትምህርት ይሰጣል፤ ከተሞቹን ካርታ ላይ ብታዩአቸው የመንገድ መገናኛዎች ናቸው። ወረታን እንኳ ብንወስድ ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት።

ትልቁ መጋዘን የሚነደፈው ለመኪና ነው ማለት ነው። ከሱ በታች ያለው የማከፋፈያ ጣቢያ ደግሞ የሚነደፈው ለሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለዚህኛው ነው።

ቦታው የት ይሁን?

ከህንጻው በፊት የሚመጣው ጥያቄ የጣቢያው ቦታና የጣቢያዎቹ ብዛት ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በኮረምና በባቲ የሆነው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ምግቡ አንድ ቦታ ላይ ስለነበር ሰው ቀዬውን ጥሎ ወደ ምግቡ ሄደ። ከደረሰም በኋላ በመጠለያው መጨናነቅ ምክንያት ኩፍኝና ሌላ ተላላፊ በሽታ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ በእርዳታ ስራ ውስጥ የሰረጸው ትምህርት ምግቡ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ወደ ምግቡ አይሰደድ የሚል ነው።

ይህ ለእኛ ለነዳፊዎች ምን ማለት ነው? አንድ ትልቅና ያማረ ጣቢያ ከመስራት ሁለት ትናንሽ ጣቢያዎች መስራት ይሻል ይሆናል ማለት ነው። ትልቁ በግንባታ ዋጋ ይረክስ ይሆናል። ነገር ግን ያተረፍነውን ገንዘብ የሚከፍሉት በእግራቸው የሚመጡት ሰዎች ናቸው። የሶስት ሰዓት መንገድ ሄዳ፣ ውላ፣ በሶስት ሰዓት የምትመለስ እናት የዕለት ስራዋን አጥታለች። ይህ ወጪ በግንባታ ዋጋ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም፤ መግባት ግን ነበረበት።

እስቲ እናስላው

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ጣቢያ 10,000 ተጠቃሚ አለው እንበል። በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጀምሮ የለመድነው የእህል መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ስለዚህ፦

10,000 ሰው በ15 ኪሎ ሲባዛ 150,000 ኪሎ፣ ማለትም 1,500 ኩንታል ይሆናል። በ50 ኪሎ ጆንያ 3,000 ጆንያ ነው።

አንድ ቶን በጆንያ የተደረደረ ስንዴ በግምት አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ይይዛል ብንል ጠቅላላው 225 ሜትር ኩብ ነው። ድርድሩ 2.5 ሜትር ከፍታ ካለው ወለል ላይ የሚይዘው 90 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለመተላለፊያና ከግድግዳ ለሚቀረው ርቀት ይህንን ብናጥፈው ወደ 200 ካሬ ሜትር እንጠጋለን። እንግዲህ የ10,000 ሰው የወር ቀለብ በአንድ መካከለኛ አዳራሽ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አሁን ሰዎቹን እናስላ። በአማካይ አንድ ቤተሰብ አምስት ሰው ቢኖረው 2,000 አባወራና እማወራ ይመጣሉ። እደላው አምስት ቀን ቢወስድ በቀን 400 ናቸው። አንዱን ለማስተናገድ (ስም መፈለግ፣ ማስፈረም፣ እህሉን መስጠት) አራት ደቂቃ ቢፈጅ አንድ መስኮት በስምንት ሰዓት ውስጥ 120 ሰው ያስተናግዳል። ስለዚህ አራት መስኮት ያስፈልጋል። ሶስት ብናደርገው በቀን 360 ሰው ብቻ ነው የሚስተናገደው፤ የቀሩት 40 "ነገ ተመለሱ" ይባላሉ። ፕላኑ ላይ አንዲት መስኮት የመቀነስ ትርጉሙ ይሄ ነው።

400ዎቹ ጠዋት በአንዴ ቢመጡ፣ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ጥላ ብንሰጥ 400 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። በዚህ አያበቃም። የአምስት ሰው ቤተሰብ ድርሻ 75 ኪሎ ነው፤ ያንን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለም፤ አህያ ይዞ ነው የሚመጣው። ለአንድ አህያ ሶስት ካሬ ሜትር ብንይዝ ሌላ 1,200 ካሬ ሜትር ይሆናል። በድምሩ 1,600 ካሬ ሜትር ማለትም የመጋዘኑን ወለል ስምንት እጥፍ ነው።

ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት እንዲመጣ በየቀበሌው ወይም በየጎጡ ቀጠሮ ቢሰጥ ቁጥሩ ወደ 800 ይወርዳል። አሁንም ከመጋዘኑ አራት እጥፍ ነው። በክረምት መንገድ የሚቆረጥበት ወረዳ ሆኖ የሶስት ወር እህል አስቀድሞ ይከማች ብንል እንኳ መጋዘኑ 600 ካሬ ሜትር ነው የሚሆነው፤ ደጁ ይበልጣል። እንግዲህ "ክፍት ቦታ" ብለን የምናልፈው ይህንን ነው።

የእህሉ መንገድ

ጥሩ ጣቢያ እህሉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል የሚወጣበት ነው። የመኪናው በርና የሰዎቹ መስኮት በአንድ ፊት መሆን የለባቸውም። 1,500 ኩንታሉ 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ቢመጣ 30 ጊዜ መመላለስ ነው። ያ ሁሉ መኪና ህጻን ያዘሉ እናቶችና አህዮች በቆሙበት መሃል ወደ ኋላ እየተጠመዘዘ እንዲራገፍ ማድረግ አደጋ መጥራት ነው። ግቢው ሁለት በር ይኑረው፤ ቦታው ካልፈቀደም የማራገፊያው ቀንና የእደላው ቀን ይለይ።

በማራገፊያው በኩል መድረኩ ከመኪናው ወለል ጋር ቢስተካከል፣ ማለትም ወደ አንድ ሜትር ከፍ ቢል፣ ጫኝና አውራጆች ጆንያውን በትከሻ አውርደው እንደገና ከማንሳት ይድናሉ። ህንጻውን በሙሉ አንድ ሜትር ማንሳት ውድ ነው፤ መድረኩን ብቻ ማንሳት ወይም መኪናው የሚቆምበትን መሬት ዝቅ ማድረግ ግን ይቻላል።

በሰዎቹ በኩል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። አንዲት እማወራ 50 ኪሎ ጆንያ ከመሬት አንስታ አህያ ላይ መጫን አትችልም። ሰው ትለምናለች፣ ወይም ሸክም ለሚጭንላት ሰው ከስንዴዋ ትከፍላለች። ከመስኮቱ ወጣ ብሎ ከአህያ ጀርባ ጋር የሚስተካከል የድንጋይ ወይም የብሎኬት ድርድር ቢሰራ ግን ጆንያው ወደ ጎን ተገፍቶ ይጫናል። ዋጋው ከአንድ የመጸዳጃ ቤት በር አይበልጥም። አንድ ወረዳ ውስጥ ሰዎች ይህንኑ ስራ ለማቅለል አህያውን ቦይ ውስጥ አቁመው ከዳር ሲጭኑ አይቻለሁ፤ ንድፉን ራሳቸው ሰርተውታል ማለት ነው።

መስፈሪያውም እንዲሁ ነው። 75 ኪሎ አንድ ሙሉ ጆንያና ግማሽ ስለሆነ ጆንያ መክፈትና መስፈር የግድ ነው። ቦታ ካልተዘጋጀለት ሰው ተቧድኖ ሜዳ ላይ ይከፋፈላል፤ እህሉ ከአፈር ይደባለቃል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይታያል። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ ከላይ ጥላ ያለውና ሚዛን የተቀመጠበት የመስፈሪያ ወለል ያስፈልጋል። የፈሰሰው ተጠርጎ ንጹህ ሆኖ ይመለሳል።

መጋዘኑም አይረሳ

ደጁ ይበልጣል ስል መጋዘኑ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የእህል ጠላቶች እርጥበት፣ ነቀዝና አይጥ ናቸው፤ ንድፉ ለሶስቱም መልስ ሊኖረው ይገባል።

ስንዴ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የውስጡ እርጥበት ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይመቸዋል። ስለዚህ ከወለሉ ኮንክሪት ስር ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ጆንያው በቀጥታ ወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል፤ የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳ ያርቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ በኩል ስለሚያልበው ከላይ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መውጫ ያስፈልጋል። አያቶቻችን ጎተራን በድንጋይና በእንጨት ላይ አንስተው፣ በጭቃና በእበት ለስነው፣ የሳር ክዳን ሲደፉለት የሰሩት ይህንኑ ነው።

ድርድሩ ከግድግዳ አንድ ሜትር ይራቅ የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጋዘን ሰራተኛው ዙሪያውን ዞሮ ይቆጥራል፣ አይጥ መደበቂያ ያጣል፣ ነቀዝ ሲገባም ድርድሩ በሸራ ተሸፍኖ በፎስፊን ጋዝ ይታጠናል። ይህ ጋዝ ሰውንም የሚገድል ስለሆነ መጋዘኑ ከጥበቃው ማደሪያም ሆነ ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ መጋራት የለበትም። የጥበቃ ክፍሉን ወጪ ለመቆጠብ ከመጋዘኑ ጋር አጣብቀን የምንስል ተማሪዎች ይህንን እናስብ። በሩ ስር ደግሞ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ትንሽ አይጥ ይገባበታል።

ዘይትና ክክ የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው ከ15 ኪሎው እህል ጋር 1.5 ኪሎ ክክ ወይም ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ይሰጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጥግ ላይ ይወረወራል፤ የፈሰሰ ዘይት ግን ጆንያ ሙሉ እህል ያበላሻል። በመጨረሻም "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ" የሚለው ደንብ እንዲሰራ ሁለት በር ያስፈልጋል። አንድ በር ብቻ ያለው መጋዘን አዲሱን እህል ከፊት ያስቀምጣል፣ አሮጌው ከኋላ ሆኖ ይነቅዛል፤ ጥፋቱም በመጋዘን ሰራተኛው ይላከካል።

የሚታይ ሚዛን

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዩኤስኤይድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልታለመለት ዓላማ እየዋለ ነው በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ አቁመው ነበር። ስራው ከወራት በኋላ ቁጥጥሩ ተሻሽሎ ቢቀጥልም በእነዚያ ወራት የተጎዱት ከጥፋቱ አንዳች የሌሉበት ሰዎች ናቸው። ህንጻ ሌባ አይከለክልም ይባል ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ማየትን ቀላል ወይም አስቸጋሪ ማድረግ ግን ይችላል።

ሚዛኑ ከመስኮቱ ጀርባ ሳይሆን ከፊት፣ ተቀባዩ ቁጥሩን በሚያይበት ቦታ ይሁን። በቤተሰብ ብዛት ስንት ኪሎ እንደሚገባ በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳ መጠበቂያው ጥላ ስር ይሰቀል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ስላለ በጆንያና በጣሳ ስዕልም ይደገፍ። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሁለቱንም በር የሚያይ ይሁን፤ ያኔ አንድ ሰው የገባውንም የወጣውንም ይመዘግባል። የቅሬታ መቀበያው ደግሞ ከማደያው መስኮት ራቅ ይበል። ቅሬታውን ያንኑ እህል የሚሰፍርለት ሰው እየሰማው የሚናገር የለም።

የከተማውስ?

በከተማ ነገሩ ይለያል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የምግብ ባንክ ተቋቁሞ ነዋሪው ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ ያዋጣ ነበር። እዚህ ችግሩ ብዛት ሳይሆን ዓይነት ነው። መቶ ዓይነት እቃ በትንሽ በትንሹ ይመጣል፤ ስለዚህ ከድርድር ቦታ ይልቅ የመለያ ጠረጴዛና መደርደሪያ ያስፈልጋል። ደንቡም "ቀድሞ የገባ" ሳይሆን "ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ" ይሆናል።

ከሆቴልና ከድግስ የተረፈ የበሰለ ምግብ ከተጨመረ ደግሞ ሌላ ህንጻ ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም፤ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ መቆየት አለበት። ማቀዝቀዣ ክፍል፣ አስተማማኝ መብራትና ውሃ የሌለው ቦታ ይህንን ባይጀምር ይሻላል። ለተራበ ሰው የተበላሸ ምግብ መስጠት እርዳታ አይደለም።

የሚጠብቁት ሰዎች

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሴፍቲኔት ውስጥ ስራ መስራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። እነዚህ ሰዎች በፀሐይ ቆመው መዋል አይችሉም። ስለዚህ ከአራቱ መስኮት አንዱ ለነሱ ይሁን፤ ከፊቱ መቀመጫ ይኑር፣ ደረጃ ሳይሆን ራምፕ ይኑረው። የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ ይለይ፤ የሚጠጣ ውሃ ቧንቧ በጥላው ስር ይግባ። ጥላው ራሱ የግድ ቆርቆሮ መሆን የለበትም። ዛሬ የተተከለ ዋርካ ወይም ግራር ለነገ ይደርሳል፤ እስኪደርስ ድረስ ሼድ ይሰራ።

ማጠቃለያ

በአጭሩ፣ የምግብ ባንክ ቅልጥፍና የሚለካው ስንት ኩንታል ያዘ በሚል ብቻ መሆን የለበትም። 75 ኪሎ ለመቀበል የመጣች አንዲት እማወራ ስንት ሰዓት ቆየች፣ ድርሻዋን በዓይኗ አይታ ተቀበለች ወይ፣ ያለ ሰው ልመና ጭና ወደ ቤቷ ሄደች ወይ የሚለውም ይለካ። በዲዛይን ስቱዲዮ ፕሮጀክቶቻችን ላይ ከመጋዘኑ በፊት ሰልፉን፣ አህያውንና ሚዛኑን ብናሰላ ንድፋችን የተሻለ ይሆናል የሚል እምነት አለኝ። እዚህ የተጠቀምኩባቸው የደቂቃና የካሬ ሜትር ግምቶች እንደየአካባቢው ይለያያሉ፤ አህያ በሌለበት ቆላ ግመል ይመጣል፣ ግመል ደግሞ ሌላ ስሌት ነው። መምህራንም ሆናችሁ ተማሪዎች ሌላ ቁጥር ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉበት ሁላችንም እንማርበታለን።